ለቅሶ የተቀመጡላት ተዋናይ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ከጥቂት ዓመታት በፊት በክረምት ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ የዚያን ቤት በር ግን አልረሳሁትም። በርጩማቸውን ስበው በሩ ላይ የተቀመጡት እናት አሁንም ፊቴ ላይ አሉ።

እኔ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ስለነበር ፈረንሳይኛ በሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት ነው ያስተማረኝ። ባለቤቴ በሥራ ተዛውሮ ወላይታ ሶዶ ስንመጣ ግን ያ ፈረንሳይኛ ለምንም አልጠቀመኝም። ነርስ ነኝና እዚህ ያስፈለገኝ ወላይትኛ ነበር፤ እሱንም ከበሽተኞች አፍ እየሰማሁ ቀስ በቀስ ለመድኩት። ጌታን ከተቀበልኩ ወዲህ ደግሞ ፊልም የሚባል ነገር አላይም ነበር። ያልሆነውን ሆነ ብሎ ማሳየት ውሸት ይመስለኛል። ይህን የምናገረው በኋላ የመጣብኝን እንድትረዱልኝ ነው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሆቴል ውስጥ በእንግዳ ተቀባይነት የምትሠራ የቤተ ክርስቲያን እህታችን ደወለችልኝ።

"ሲስተር፣ መልኳ የእኛ፣ አፏ የፈረንጅ የሆነች ሴት መጥታለች። ፈረንሳይኛ እንጂ ሌላ አትሰማም። እባክሽ ድረሺልን።"

ሴትዮዋ ክሌር ትባላለች። በሕፃንነቷ ከዚህ ተወስዳ ቤልጂየም በማደጎ ያደገች ናት። ያሳደጓት ሰዎች ሲሞቱባት ወላጅ እናቷን ለማየት ቆርጣ መጣች። የእናቷን ስምና የቀበሌውን ስም ብቻ ነው የምታውቀው። ሥራዋን ስጠይቃት ተዋናይ ነኝ፣ ፊልም እሠራለሁ አለችኝ። እውነቱን ለመናገር ልቤ ቀዝቀዝ አለባት። ቢሆንም እናቷን ፍለጋ የመጣችን ሰው እንዴት እምቢ ይሏል? እኔም እናቴን ካየሁ ቆይቻለሁ።

መኪና ተከራይተን በጉኑኖ መንገድ ሄድን። ዝናብ ስለነበር ሹፌሩ ቀዩን ጭቃ አልደፍርም ብሎ ዋናው መንገድ ላይ ቀረ። እኛ በእንሰቱ መሐል በእግራችን ገባን። ደጅ ላይ ጎመን ስትቀነጥስ የነበረች ጎረቤት ክሌርን ስታይ ጎመኑን ጥላ፣ "ጌታ ሆይ" እያለች ወደ ቤት ሮጠች። እኔ የደስታ መስሎኝ ነበር።

ውስጥ ስንገባ የክሌር እናት፣ እማማ ታደለች፣ ከራስ እስከ እግራቸው ጥቁር ለብሰው ተቀምጠዋል። ከጀርባቸው ግድግዳው ላይ ዙሪያውን ጥቁር ጨርቅ የታሰረበት ፎቶ ተሰቅሏል። ፎቶው የክሌር ነው። 

ታላቅ ወንድሟ ጴጥሮስ መምህር ነው፤ አማርኛ ይችላል። ክሌርን ትክ ብሎ አያት። ከዚያ ለእኔ፣ "እህታችን ሞታለች እኮ። ቀብሯን አይተናል" አለኝና ስልኩን አወጣ።

እዚህ አገር ሰው ሲሞት ቀብሩ በቪዲዮ ይቀረጻል፤ ሩቅ ያለ ዘመድ እንዲያየው በስልክ ይላካል፣ ፌስቡክ ላይም ይወጣል። ጴጥሮስም አንድ ቀን በማደጎ ወረቀቷ ላይ ያለውን የእህቱን የፈረንጅ ስም ኢንተርኔት ላይ ሲፈልግ ያገኘው ቪዲዮ እንዲህ ያለ ነው። ክሌር ነጭ ለብሳ ሬሳ ሳጥን ውስጥ ተኝታለች። ሻማ በርቷል። ሰዎች ያለቅሳሉ። የሚናገሩት ፈረንሳይኛ ስለሆነ የሰማ የለም። ስሟ ግን ተጽፎበታል፤ ግድግዳው ላይ ያለው ፎቶም ከዚሁ የወጣ ነው። ቤተሰቡ ዳስ ጥሎ፣ በሬ አርዶ ለቅሶ ተቀመጠ። ሰፈሩ በሙሉ መጥቶ አለቀሰ።

ስልኩን ለክሌር አሳየኋት። አፏን በእጇ ያዘች።

"ይሄ ፊልም ነው" አለችኝ። "ሁለተኛው ፊልሜ።"

ይህን ለመተርጎም ዘወር ስል እማማ ታደለች ቀድመው በወላይትኛ ተናገሩ። "የወሰዷት ሰዎች ልጄን ገደሏት። እንዳልጠይቃቸው ደግሞ እሷን የምትመስል ላኩልኝ" አሉ። ተነሡና በርጩማቸውን ጎትተው በሩ ላይ ተቀመጡ። ቤቱ ሌላ በር የለውም። መስኮቱ ለዝናቡ ተዘግቷል። ከእሳቸው ጀርባ ጎረቤቱ ሁሉ ከጣሪያው ጫፍ ሥር ተጠልሎ አንገቱን አስግጓል።

"አንቺ ሲስተር፣ ጌታን ታምኛለሽ?" አሉኝ።

"አዎ እማማ።"

"እንግዲያው አንቺው ንገሪኝ። ጴጥሮስ አይንገረኝ። ያየሁት እውነት ነው ውሸት? ሳትነግሪኝ ከዚህ ቤት አትወጪም።"

እኔንና ክሌርን ለክብር ብለው ያስገቡን ከውስጥ ጥግ፣ ግድግዳው ሥር ነው። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ይጮኻል። ጴጥሮስ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ፤ በአማርኛ ነው የሚያንሾካሹከው፣ እናቱ እንዳይሰሙ።

"ሲስተር፣ የስም መመሳሰል ነው በያት። የሞተችው ሌላ ናት በያት፣ ይለቅ። ፊልም ነው ካልሽ እኔ እዚህ ምን ብዬ እኖራለሁ? መምህሩ ለፊልም በሬ አረደ ይሉኛል እኮ። ተማሪዎቼስ?"

ክሌር በዚያ በኩል እጅጌዬን ይዛ፣ "ምን አሉ? እናቴ ምን አለች?" ትለኛለች። አንቺን ልጄ አይደለችም አሉ ብዬ መንገር አቃተኝ። ግን ነገርኳት። መሬት ላይ ቁጭ አለች።

 ውሸቱ ቀላል ነበር። አንዲት ቃል ብቻ ብናገር በሩ ይከፈታል፤ ጴጥሮስም ከመሳቂያነት ይድናል። ግን እኚህ ሴት የጠየቁኝ በጌታ ስም ነው። እውነቱን ብናገርስ? ልጅዎ የውሸት ሞታ ነው እናንተን ያስለቀሰቻችሁ ልበላቸው? እኔ ራሴ ፊልም ውሸት ነው ብዬ የተውኩ ሰው ምን ብዬ ላስረዳ? በልቤ ጌታ ሆይ፣ አፌን አንተ ክፈተው አልኩ። እሳቸውም ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አላነሡም።

ከዚያ በሶዶ ቤተ ክርስቲያናችን በፋሲካ ወጣቶች የሚሠሩት ድራማ ትዝ አለኝ።

"እማማ፣" አልኳቸው በተሰባበረ ወላይትኛዬ፣ "ቤተ ክርስቲያን ልጆች አልዓዛርን ሆነው ሲሠሩ አይተው ያውቃሉ?"

 ከውጭ ያቺ ጎመኗን የጣለችው ጎረቤት ሳቀች።

"አይተው ያውቃሉ ወይ ትላቸዋለች? ጴጥሮስ በልጅነቱ አልዓዛር ሆኖ በነጠላ ሲገነዝ፣ 'ልጄን ፍቱልኝ' እያሉ መድረክ ላይ የወጡት እሳቸው አይደሉ?"

ሕዝቡ ሳቀ። ጴጥሮስ አንገቱን ደፋ። እማማ ታደለች ቀስ ብለው ወደ እሱ ዞሩ።

"እውነት ነው፣" አሉ፣ "ይሄም ሞቶብኝ ነበር።"

"የክሌርም እንደዚያ ነው እማማ" አልኩ። "ያዩት ውሸት አይደለም፣ እውነትም አይደለም። ድራማ ነው። እሷ አልሞተችም።"

 ከዚያ እማማ ታደለች ከበሩ ተነሥተው ወደ ልጃቸው መጡ። አገጯን ይዘው ፊቷን ወደ ብርሃኑ አዞሩት። ከንፈሯን በአውራ ጣታቸው ገልጠው ጥርሷን አዩ። "የአባቷ ጥርስ" አሉና ያን ጥቁር ሻሽ ከራሳቸው ላይ ፈቱት። ጓዳ ገብተው ቅቤ አመጡ፤ አራስ እንደሚቀባ አናቷ ላይ አደረጉላት። ክሌር እያለቀሰች ትስቃለች። ቅቤው ቀልጦ በግንባሯ ሲወርድ ልጥረግልሽ ብላት እጄን ያዘችኝ።

በሩ ተከፍቶ ነበር። እኔ ግን መውጣቱን ረሳሁት።

ኋላ ቆጮ እየበላን እናትየው ጠየቋት። "ለምንድን ነው የምትሞቺው? ሌላ ሥራ አይሰጡሽም?"

ክሌር ስትመልስ ቃሏን እያንዳንዱን ተረጎምኩ። "መጀመሪያ የቤት ሠራተኛ አደረጉኝ፤ ሞትኩ። ቀጥሎ ስደተኛ አደረጉኝ፤ ባሕር ላይ ሞትኩ፤ ያያችሁት ቀብር የዚያ ነው። እዚያ ፊልም ውስጥ ጥቁር ሴት ካለች ቶሎ የምትሞተው እሷ ናት። አርጅቼ አላውቅም።"

እማማ ታደለች ቆጮውን አስቀመጡ። "እንግዲህ አሮጊት አድርጉኝ በያቸው" አሉ። "እናቴ እንደዚህ አለች በያቸው።"

ጴጥሮስ፣ ሰፈሩ አሁንም አልዓዛር እያለ እንደሚጠራው ነግሮኛል። ተማሪዎቹም ሰምተዋል። እሱም ለምዶታል።

እኔ ፊልም አሁንም አልወድም። ነገር ግን ክሌር አዲስ ነገር በሠራች ቁጥር ትልክልኛለች፤ እኔም ቁጭ ብዬ እስከ መጨረሻው አያለሁ። ግድ ሆኖብኛል። እማማ ታደለች በጴጥሮስ ስልክ ሲደውሉ ከሰላምታው በፊት የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነውና። "በዚህኛውስ ትሞታለች?" ይላሉ። ያን ቀን እንደጠየቁኝ ነው የሚጠይቁኝ፣ እኔም ያን ቀን እንደመለስኩት ነው የምመልሰው። በሕይወቴ በር ዘግቶ እውነቱን ንገሪኝ ያለኝ ሌላ ሰው የለም። ከእሳቸው ጋር ስነጋገር ያ ጥግና ያ ዝናብ ይመጣብኛል፤ ፈርቼው የነበረ ቦታ አሁን ይናፍቀኛል።

ባለፈው ሳምንት የላከችልኝን አይቼ፣ "አዎ እማማ፣ ትሞታለች" አልኳቸው።



"ይሁን" አሉኝ። "ስትነሣ ትደውልልኝ።"