ትከሻዬን የያዘችው እጅ

ቪዲዮ በዙሪያ የሚያሳየውን መነጽር ግቢያችን ድረስ ያመጡት፣ ናዚዎች በአይሁዶች ላይ የፈጸሙትን እልቂት ለወጣቶች የሚያስተምሩ እንግዶች ነበሩ። አምቦ፣ የዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። መነጽሩ ዓይን ላይ ሲታሰር አዳራሹ ይጠፋና ሰው ራሱን የእስረኞቹ ማጎሪያ ውስጥ ቆሞ ያገኘዋል። ደንግጠን እንዳንወድቅ ከኋላ ትከሻችንን የሚይዝ ጓደኛ ምረጡ ተባልን። እኔ የዶርም ጓደኛዬን መረጥኩ። ሌላ ማን አለኝ?

ወንድሜ በሊቢያ በኩል ሲሻገር ባሕር ላይ መሞቱን ከቤተሰቤ ሌላ የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። እናቴ ጌዶ ውስጥ ከቀዶ ሕክምና እያገገመች ነበር። ትንሽ እስክትጠነክር ድረስ መርዶው እንዲቆይ፣ ከዚያም ማለዳ ዘመድ ተሰብስቦ በወጉ እንዲያረዳት የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ወስነዋል። እስከዚያ በደወለች ቁጥር "ደህና ነው፣ ኔትወርክ አጥቶ ነው" እላታለሁ።

መነጽሩ ውስጥ ከእልቂቱ የተረፉ አንዲት አሮጊት የሻንጣ ክምር አጠገብ ቆመው ይናገራሉ፤ ንግግራቸው ወደ አማርኛ ተተርጉሟል። ሻንጣዎቹ ላይ የባለቤቶቹ ስም በነጭ ቀለም ተጽፏል። ወንድማቸው ስሙን ሲጽፍ ሻንጣውን የያዙለት እሳቸው ነበሩ። "የት እንደወደቀ እንኳ አላውቅም" አሉ።

አላስቻለኝም። "የእኔም ወንድም መቃብር የለውም! ባሕር በላው! ለእማዬ ምን ልበላት?" ብዬ ጮኽኩ። ትከሻዬ ላይ ያለው እጅ ጠበቅ አደረገኝ። እግዜር ይስጣት አልኩ በሆዴ።

ለካ የያዘችኝ በአንድ እጇ ነው። በሌላው ስልኳን ደግናብኝ ነበር። ከሰዓት በኋላ ቪዲዮው ተለቋል፤ የሚያለቅሱ የኢሞጂ ፊቶች ደርድራበታለች፣ ያዘነች መምሰሏ ነው!

"ሰው እንዲማርበት ብዬ እኮ ነው" አለችኝ። "ደግሞ ፊትሽ በመነጽሩ ተሸፍኗል፣ ማን ያውቅሻል?"

እናቴ ድምፄን የማታውቅ ይመስል። ሹራቤን ያወቀች አንዲት ጎረቤታችን፣ "ልጅሽ በቪዲዮ ወጣች!" እያለች እስከ መጨረሻው ሳታየው በደስታ ሮጣ አሳይታታለች። መርዶ ነጋሪዋ እኔው ሆንኩ። ያቺን የዶርም ጓደኛዬን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳትም።

በማግስቱ ጌዶ ስደርስ እናቴ ለቅሶ ላይ ተቀምጣለች። እንባዋ ደርቋል።

"ኢንታላ ኮ" አለችኝ፣ ልጄ ማለቷ ነው። "እኔ ስጠይቅሽ ደህና ነው እያልሽ ከረምሽ። ለመነጽር ነገርሽ?"

ትከሻዋን ልይዝ እጄን ዘረጋሁ። ገሸሽ አለች።