አባቴ በሦስት ሲባዛ

አባቴ የቤት ደላላ ነው። ዊንጌት አካባቢ «እሱ ያለውን በሦስት አባዛው» ይሉታል፤ እሱም እንደ ሙገሳ ይወስደዋል። ከታክሲ አምስት ደቂቃ ካለ አሥራ አምስት ነው። አንዲት ዳገት አለችው ካለ ሦስት ዳገት ነው። ግን ከሦስት እጥፍ አልፎም አንሶም አያውቅም። ሌሎቹ ደላሎች አንድ ቀን ይዋሻሉ፣ አንድ ቀን እውነት ያመልጣቸዋል፤ ሰው በምን ያህል እንደሚያባዛ ግራ ይገባዋል።

እኔ የምሠራበት ትንሽ ድርጅት ቤት ፈላጊንና ደላላን በስልክ ያገናኛል። ተከራዩ ወኪል አለው፣ ደላላውም ወኪል አለው። ወኪል ስል ሰው አይደለም፣ ፕሮግራም ነው፤ ሁለቱ እርስ በርሳቸው ይጠያየቃሉ። ማንም ከየትም መጥቶ ወኪሉን ሊያስገባ ስለሚችል፣ የተከራዩ ወኪል የማንን ቃል ምን ያህል ማመን እንዳለበት ማስላት የእኔ ሥራ ሆነ። ደላላው ያለው ተከራዩ ገብቶ ካገኘው ጋር ይነጻጸራል፤ የደላላው ስም፣ ማለትም የመታመኑ ልክ፣ የሚወጣው ከዚያ ነው።

ከወራት በኋላ ውጤቱን ሳየው ከሁሉም በላይ የታመነው አባቴ ነበር። ፕሮግራሙ ሰፈርተኛው የሚያውቀውን ደርሶበት፣ የአባቴን ደቂቃ ሁሉ በሦስት እያባዛ ያለ ጥርጥር ይቀበላል። ስነግረው «ድሮስ!» አለ። እኔ አፈርኩ፤ በማን እንዳፈርኩ ግን አላውቅም።

አንድ ቀን አባቴ ጳውሎስ ታክሲ ተራ ላይ ባሏን ደግፋ የቆመች ሴት አገኘ። ባልየው ለኩላሊት እጥበት ጳውሎስ ሆስፒታል ይመላለሳል፣ ብዙ መራመድ አይችልም። ከሆስፒታሉ ከአምስት ደቂቃ የማይርቅ ቤት ትፈልጋለች። አባቴ እንዲህ ያለ ቤት በእጁ ነበረው። እሷ ግን ደላሎች አንከራተዋት ስለነበር፣ ስልኬ ላይ ያለው ወኪል እይው ካላለኝ አንድም ቤት አላይም አለችው።

አባቴ አዘነላት። ሄዶ መንገዱን በታማሚ እርምጃ፣ ሰዓቱን እያየ ለካው። ከዚያ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ለወኪሉ እውነቱን ነገረው፤ አራት ደቂቃ። የሴትየዋ ወኪል አሥራ ሁለት ደቂቃ ብሎ ቤቱን ጣለው።

ወዲያው ደወለልኝ። አከራይዋ እስከ ማታ ብቻ ነው የምትጠብቀው።

«ልጄ፣ እኔኮ ራሴ በእግሬ ሄጄ ነው የለካሁት!»

«አምንሃለሁ፣ አባዬ።»

በልቤ አሥራ ሁለት ብዬ ነበር።

«አንቺ ብታምኚኝ ምን ያደርግልኛል? እሱን አሳምኚልኝ እንጂ።»

እንደማልችል ነገርኩት። ዘመድ ያለው ደላላ ስሙን እንዳያስጠግን ብዬ፣ በእጅ እንዳይነካ አድርጌ የሠራሁት ራሴ ነኝ። ስም በሥራ ብቻ ነው የሚለወጠው፤ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ባልና ሚስቱ ግን እስኪጠራ የሚያድሩበት ቤት አልነበራቸውም።

አባቴ ለራሱ አራትን ለሦስት ሲያካፍል ሰማሁት።

«በቃ፣ አንድ ደቂቃ ተኩል ነው እለዋለሁ» አለ።

ወኪሉ አራት ደቂቃ ተኩል ብሎ ተቀበለው። ሴትየዋ ከመምሸቱ በፊት ቤቱን አየች፣ ወደደችው፣ ገቡበት። ባልየው አሁን ሆስፒታሉ ድረስ በእግሩ ይሄዳል፤ በመሃል አንዴ ያርፋል።

ከሳምንት በኋላ አስተያየቷን ጻፈች። ስልኳ ላይ ደላላው ያለውና ፕሮግራሙ ያመነው ጎን ለጎን ይታያል። «ቤቱ ስልኬ እንዳለው ነው፤ እግዜር ይስጥልኝ። ሽማግሌው ግን ይዋሻሉ» ይላል። የአባቴ ስም ምንም አልተነካም፤ እንዲያውም ከፍ አለ።

ሳያነበው አልቀረም ብዬ በማግስቱ ደወልኩለት። አንብቦታል።

«ከፋህ እንዴ?» አልኩት።

«ኧረ ምን ያስከፋኛል! እ... ማለቴ፣ ትንሽ ብቻ።»

ትንሹን በሦስት አባዛሁት። ኮምፒውተሬን ዘጋሁና ወደ ዊንጌት የሚሄድ ታክሲ ያዝኩ።