አባቴ በጄት ነዳጅ የፈተኑኝ ጊዜ

በትንንሽ የግል ጄቶች ነዳጅ ላይ የመጀመሪያውን የቃል ፈተና የወደቅሁት መልሱን እያወቅሁ ነው። ይህን ስናገር ዛሬም ፊቴ ይግላል፤ ግን እስቃለሁ።

ደርግ ከወደቀ ዓመታት አልፈዋል፤ ሞባይል ግን ገና መንዝ አልደረሰም። እኔ አዲስ አበባ፣ ትንንሽ ጄቶች በሚጠገኑበት ሃንጋር ተለማማጅ ነበርኩ። የነዳጁን ክፍል በራሴ ፊርማ ለማስረከብ ፈቃድ ያስፈልገኛል፤ ፈቃዱ የሚገኘው በቃል ፈተና ነው፤ ዕድሉም ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ሁለቴ የወደቀ ሌላ ሥራ ይፈልጋል።

ፈታኙ ፀጉራቸው የነጣ፣ ድምፃቸው የከበደ አዛውንት ናቸው። የጠየቁኝን ሁሉ መለስኩ። መጨረሻ ላይ መነጽራቸውን እየጠረጉ፣ «እንግዲህ ሞተሩ ከተነሳ በኋላ የኤሌክትሪክ ፓምፑ ጄቱ እስኪያርፍ ድረስ ሳያቋርጥ ይሠራል ማለት ነው፤ አይደለም እንዴ?» አሉኝ።

አይደለም። የእኛ ጄት ላይ ያ ፓምፕ ለሞተር ማስነሻና ለክፉ ቀን ነው። ይህን እንደ ስሜ አውቀዋለሁ። ነገር ግን የመንዝ ልጅ ነኝ፤ ሽማግሌ ሲናገር መሬት መሬቱን እያየን፣ «ዝም አይነቅዝም» እየተባልን ነው ያደግነው። «እንዳሉት ነው፣ ጌታዬ» አልኩ። ወደቅሁ።

ሁለተኛው ፈተና ሳይደርስ ለበዓል አገሬ ገባሁ፤ እስከ መሐል ሜዳ በአውቶቡስ፣ ከዚያ በእግሬ። አባቴ የበግ ጠጉር ባናቸውን ደርበው፣ ፀሐይ በሞቀው ግድግዳ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጄት የሚያውቁት በሰማይ ሲያልፍ ብቻ ነው። የሆነውን ስነግራቸው ይቆጣሉ ብዬ ነበር፤ እሳቸው ግን «እስቲ ነገሩን ከሥሩ አስረጂኝ» አሉ።

በእንጨት መሬት ላይ እየሳልኩ አስረዳኋቸው። ነዳጁ የሚቀመጠው ክንፎቹ ውስጥ ነው፤ ክንፉ ራሱ ጋን ነው። ሞተሩ የራሱ ፓምፕ አለው፤ ከሚስበው ነዳጅ ጥቂቱን በኃይል ወደ ክንፉ ይመልሰዋል። የተመለሰው በጠባብ ቀዳዳ ተወርውሮ ሲያልፍ በዙሪያው ያለውን ነዳጅ እየጎተተ፣ ሞተሩ ወደሚጠጣበት ትንሽ ጓዳ ይዞት ይገባል። የሚሽከረከር ነገር የለበትም፣ ቶሎ የሚበላሽም የለውም። ለዚህ ነው የኤሌክትሪኩ ፓምፕ የሚያርፈው።

አባቴ ትንሽ አሰቡና፣ «አንዱ በግ በጉረኖው በር ዘሎ ሲወጣ ሌሎቹ ተግተልትለው እንደሚከተሉት ነዋ!» አሉ። የምማርበት መጽሐፍ ለዚሁ ስንት ገጽ ፈጅቷል።

ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «በይ፣ አሁን ፈታኙ እኔ ነኝ። ነዳጁ የሚቀመጠው ሆዱ ውስጥ ነው፤ አይደለም?»

«አዎ፣ አባባ።»

ባናው ከትከሻቸው እስኪወርድ ሳቁ። «ይኸው ወደቅሽ! አሁን ራስሽ ክንፉ ውስጥ ነው አላልሽም?»

«እርስዎን እንዴት ብዬ ተሳስተዋል ልበል?»

«እኛ ለዕርቅ ስንቀመጥ አንዱ ሽማግሌ ሲስት ዝም የምንል መስሎሻል? ‹አፍዎን በማር ልቁረጠውና› ብለሽ ትገቢያለሽ። ከገባሽ ግን ቁረጪ፤ ማሩን ብቻ አልሰሽ እንዳትመለሺ።»

ሦስት ቀን ሙሉ ፈተኑኝ። አህያ እየጫኑ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ ምሳ ቀርቦ። በሦስተኛው ቀን ጎረቤታችን ባሉበት፣ «ውሃ ነዳጅ ውስጥ ቢገባ ከላይ ይንሳፈፋል» አሉ።

«አፍዎን በማር ልቁረጠውና፣ አባባ፣ ውሃው ይከብዳል፤ ከሥር ነው የሚተኛው። ለዚህ ነው ከበረራ በፊት ከክንፉ ዝቅተኛ ቦታ ትንሽ ቀድተን የምናየው።»

ጎረቤታችን አማተቡ። «ልጅዎ እኮ አፍ አወጣችብዎ!»

«እኔው ነኝ ያስተማርኳት» አሉ አባቴ። ያን ዕለት የተሰማኝ ደስታ ልክ አልነበረውም።

ሁለተኛው ፈተና ላይ እኚያው አዛውንት ተቀምጠዋል። አሁንም ጥያቄው ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ «ጄቱ ከመሬት ሲነሳ የሁለቱን ክንፎች ነዳጅ የሚያገናኘውን ቫልቭ ከፍተን እንተወዋለን፤ አይደለም እንዴ?» አሉ።

«አፍዎን በማር ልቁረጠውና፣ ጌታዬ፣ ተዘግቶ ነው የሚነሳው። የሚከፈተው አየር ላይ አንዱ ክንፍ ከሌላው ሲከብድ ነው፤ እሱም እኩል እስኪሆን ብቻ።»

ጠረጴዛውን መቱት። «እዚህ ሥራ ላይ ነው ፀጉሬ የሸበተው! አንቺ ልታስተምሪኝ ነው?»

እንባዬ መጣ። «ኧረ በፍጹም፣ ጌታዬ። ግን ተዘግቶ ነው።»

ብዕራቸውን አንስተው ፈቃዴ ላይ ፈረሙ።

አባቴ በቀጠሯችን መሐል ሜዳ ስልክ ቤት ወርደው መደወሌን ይጠብቁ ነበር። ሰላምታ እንኳ አላስጨረሱኝም።

«ተቆጡሽ?»

«ተቆጡኝ፣ አባባ። ጠረጴዛ መቱ።»

«ከዚያስ? ዝም አልሽ?»

«አላልኩም።»

«እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ!» ድምፃቸው ተቆራረጠ። ስልኩን ከአፋቸው አርቀው፣ ተራ ለሚጠብቀው ሰው ሁሉ «አላለችም! ዝም አላለችም እኮ!» እያሉ ሲያውጁ ይሰማኛል። ወዲያው መስመሩ ተቋረጠ። ማለፍ አለማለፌን አልጠየቁኝም፤ እኔም ሳልነግራቸው ቀረሁ።