ዝቅ አድርጊው

እኛ ቡታጅራ ባለው ቤተ ክርስቲያናችን ኪቦርዱን ሁላችንም ፒያኖ ነው የምንለው። የኳየሩ ተጫዋች፣ ቀን ቀን ብረት በያጅ የሆነ ሰው፣ ሊያስተምረኝ እሺ አለና ገና ከመቀመጤ «ጥቁር ጥቁሩን ብቻ ንኪ» አለኝ።

«ነጩስ?»

«ነጩን ተዪው። ጣትሽ ቦታ ሳይቀይር ድምፁን ወደ ቀጭን ከፍ፣ ወደ ወፍራም ዝቅ የምታደርግልሽ ቁልፍ ይቺውልሽ፤ ትራንስፖዝ ትባላለች። ሁላችንም የምንጫወተው እንዲህ ነው።»

ደስ አለኝ፤ ቸኩዬ ነበር። አባቴ በዚያ ኳየር ዕድሜውን ሙሉ ዘምሯል። ጉሮሮው ውስጥ እብጠት ወጣበትና ሐኪሞቹ ድምፁ እየደከመ ሄዶ እንደሚጠፋ ነገሩን። ከመጥፋቱ በፊት፣ ራሱ የደረሰውን መዝሙር እኔ እየተጫወትኩ አብረን እንድንዘምር ፈለግሁ። ሌላ የምመኘው ነገር አልነበረኝም።

ጣቴ ሲሄድ አፌ ይቆማል፤ አፌ ሲከፈት ጣቴ መንገዱ ይጠፋዋል። «እጅሽና አፍሽ ተኳርፈዋል እንዴ?» ይለኛል አስተማሪዬ። በሽቄ እነሳለሁ፣ ተመልሼ እቀመጣለሁ። መብራት ሲጠፋ ጠረጴዛ እየደበደብኩ እዘምራለሁ። እንደምንም ታረቁልኝና ፒያኖውን ተውሼ በባጃጅ ቤት አመጣሁት።

አባቴ አልጋው ላይ ተቀምጦ ጀመረ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ድምፁ ተሰነጠቀ።

«ከፍ ብሏል ልጄ፤ ዝቅ አድርጊው።»

ቁልፏን ተጫንኩ። እስከ መጨረሻው ዘመርነው፤ እናቴ ከጓዳ ሆና እልል አለች። እንደዚያ የተደሰትነው ያን ቀን ብቻ ነው።

በሚቀጥለው ሳምንትም «ዝቅ አድርጊው» አለ። ከዚያም እንደገና። የእኔ ጣቶች እዚያው ጥቁሮቹ ላይ ናቸው፣ ምንም አይለወጥባቸውም፤ መዝሙሩ ግን እየወረደ፣ እየከበደ ሄደ። ጥፋቱ የፒያኖው ይመስል «ከፍ ብሏል» ማለቱን አልተወም። አንጀቴን በላው። «እሺ አባዬ» እላለሁ፣ እጫናለሁ። ከፍ ያለ ነገር እንዳልነበረ ሁለታችንም እናውቃለን።

አንድ እሑድ ከሰዓት ከንፈሩ ብቻ ተንቀሳቀሰ፤ ትንፋሽ እንጂ ድምፅ አልወጣም። እኔ ልዘምርለት አፌን ከፈትኩ፤ እሱን ተከትለን ከወረድንበት ቦታ የሴት ድምፅ አይደርስም። ሳልዘምር ጥቂት ተጫወትኩ። ልቤ ሞተ። ከዚያ ቁልፏን እየደጋገምኩ ተጫንኳት፤ ወደ ላይ፣ ወደ ራሴ ድምፅ።

የአባቴ ጆሮ አልታመመም፤ መዝሙሩ ከእሱ ድምፅ ወጥቶ ወደ እኔ መሄዱን ሰማ። ከንፈሩን ገጠመ፤ መዝሙሩን ብቻዬን ዘምሬ እስክጨርስ አልከፈተውም።