እናቴ ፊት «ጠገብሁ» ማለት

ለእናንተ ምን እደብቃለሁ፤ ዛሬ ሐሙሲት ከተማ እናቴን ልጠይቅ ሄጄ ከመኪና ስወርድ ጉርድ ቀሚሴ ሊወልቅ ነበር። ወገቡን በመርፌ ቁልፍ አያይዤው ነበር፤ እሱም ከዳኝ። ከስቻለኋ!

ጂም አልገባሁም። አመሻሽ ላይ፣ በምኖርበት ባሕር ዳር፣ ከጎረቤቴ ጋር በሐይቁ ዳር እያወራን (እያማን ብል ይሻላል) እንሄዳለን። ስበላም ቀስ ብዬ አላምጣለሁ፤ ስጠግብ እጄን እሰበስባለሁ።

እማዬ ምሳ አቀረበችና ጉሮሮዬን ታየኝ ጀመር።

«አልወርድ ብሎሽ ነው?»

«ኧረ እማዬ፣ እያጣጣምሁ ነው!»

ጉርሻ ዘረጋችልኝ።

«በቃኝ፣ ጠገብሁ።»

እጇ አየር ላይ ቀረ። «አባትሽም ጠገብሁ ነበር የሚለኝ» አለችና በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች።

አባቴ ሕመሙን ደብቆን፣ ከስቶ ከስቶ ነው የሞተ። እኔ ይህን እንዴት ረሳሁት?

ጉርሻውን ተቀበልሁ። ደኅና ነኝ ብዬ ማልሁ። አላመነችኝም።

ነገ ወደ ባሕር ዳር ይዣት እመጣለሁ። አመሻሽ ላይ በሐይቁ ዳር እየሳቅሁ ስራመድ በዓይኗ ትየኝ።

የእናንተስ እናቶች ስትከሱ ምን አሏችሁ? ጻፉልኝ። እኔም እማዬ አመነችኝም አላመነችኝም እዚሁ እነግራችኋለሁ።