ማልሱክና የእናት ወንበር

ማልሱክን የማውቃት ከዶሮ ጥብስ ቤታችን የማእድ ቤት መስኮት ወዲህ ሆኜ ነው። እኔ እጠብሳለሁ፣ እሷ ታስተናግዳለች። ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው። ከቁማርተኛና ተደባዳቢ ባሏ ያመለጠች ዕለት የአሥር ዓመት ልጇን ዳኡልን ጥላ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ያጠበችው ሳህን ቢደረደር ከዴጉ ከተማ ሴኡል ይደርሳል። ልጅቷ ካደገች በኋላ የተገናኙት ሁለቴ ብቻ ነው። በብርዱ ወራት ደግሞ "ላገባ ነው፤ አበባ ሲፈነዳ እደውልልሻለሁ" ብላት ነበር። ይኸው አበባው ረገፈ፤ ማልሱክ ስልኳን ሽርጧ ኪስ ከትታ ትጠብቃለች። "አትደውልም፣ እርምሽን አውጪ" ብያት ሁለት ቀን አኩርፋኛለች።

ያን ቅዳሜ አመሻሽ የቤዝቦል ጨዋታ ስለነበረ ቤቱ አፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ኳስ በተመታ ቁጥር ጠረጴዛ ይደበደባል።

"አክስቴ፣ ሁለት ቢራ!"

"አክስቴ፣ ግማሹን በቅመም፣ ግማሹን እንዲሁ!"

ሁሉም አክስቴ ይላታል፤ ስሟን የሚያውቅ የለም።

አቶ ናምጉንግ የሚባሉ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ደንበኛችን ናቸው፤ ሳቃቸው በር ያልፋል። ያን ቀን ሚስታቸውን፣ ወንድ ልጃቸውንና የልጃቸውን እጮኛ አስከትለው መጡና መስኮቴ ሥር ተቀመጡ። ማልሱክ ቢራውን ይዛ ስትጠጋ ባለችበት ደርቃ ቀረች። እጮኛይቱ ዳኡል ነበረች።

ልጅቷ ቀና ብላ አየቻት። ፊቷ ዱቄት መሰለ። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ "አመሰግናለሁ፣ አክስቴ" አለች።

ደሜ ፈላ። ማልሱክ ግን አንገቷን ደፍታ ብርጭቆዎቹን አቀረበች።

"አክስቴ፣ ምራቴን እያት እስቲ!" አሉ አቶ ናምጉንግ። "ቆንጆ አይደለችም?"

"ቆንጆ ናት፣ ጌታዬ።"

"ምን ዋጋ አለው" አሉ ሚስትየው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "እናቷ በልጅነቷ ሞታባታለች።"

ማልሱክ የያዘችውን ሳህን አልጣለችም። እኔ ግን አንድ ሙሉ ዶሮ አሳረርኩ።

"ሠርጉ ሦስት ሳምንት ቀረው" ቀጠሉ ሚስትየው። "ሻማውን የሚያበሩት ሁለቱ እናቶች ናቸው። እኔ ብቻዬን ልወጣ ነው? ባዶውን የእናት ወንበርስ እንግዳው ሁሉ ሲያየው? እናት ሆና የምትቀመጥ ሴት የሚያከራዩ አሉ አሉ፤ የባህል ልብሱን ሀንቦክ አልብሰው ያመጡልሻል።"

"የምን ኪራይ!" አቶ ናምጉንግ ጠረጴዛውን መቱ። ሦስተኛ ብርጭቋቸው ላይ ናቸው። "ይቺ አክስት ምን ጎደላት? ጨዋ ናት። ደግሞ እዪያት፣ ግንባሯ ቁርጥ ዳኡልን!"

"ኧረ አባዬ፣ ያሳፍራል" አለ ልጃቸው።

ሚስትየው አልሳቁም። ከማልሱክ ወደ ልጅቷ፣ ከልጅቷ ወደ ማልሱክ አዩ።

"እውነትም" አሉ ቀስ ብለው።

ዳኡል የነከሰችውን አላላመጠችም። ከማልሱክ አፍ አንዲት ቃል ብትወጣ ሠርጉ ይፈርሳል፤ ይህን ሁለቱም ያውቃሉ። እኔ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ይፍረስ ብዬ ነበር።

"ልጅ አለሽ?" ጠየቁ ሚስትየው።

በዚሁ መሃል የእኛ ቡድን ነጥብ አስቆጠረና ቤቱ በጩኸት ተናጋ። ማልሱክ ጩኸቱ እስኪበርድ ቆማ ጠበቀች።

"አልታደልኩም፣ እመቤቴ" አለች። "የሰው ፊት ይመሳሰላል። ሙሽሪት ካልከፋት ግን ሠርጉ ላይ እቀመጥላታለሁ።"

አቶ ናምጉንግ አጨበጨቡ። ሁሉም ወደ ዳኡል ዞሩ። ልጅቷ የነከሰችውን እንደምንም ዋጠች።

"አይከፋኝም" አለች በመጨረሻ፣ ጠረጴዛውን እያየች።

ማልሱክ ባዶ ሳህኖች ሰብስባ ወደ እኔ መጣች። በመስኮቱ ብቅ ብዬ ተቆጣኋት።

"አብደሻል? ቆመሽ መርዶሽን ሰማሽ፣ ደግሞ ለቀበረችሽ ታጎነብሻለሽ! የገዛ ልጅሽ ሠርግ ላይ በውሰት ልብስ፣ ባዳ መስለሽ ልትቀመጪ?"

ሳህኖቹን አንድ በአንድ አስቀመጠች።

"እትዬ" አለችኝ፣ "ልጄን የምድርበት ሌላ በር አልተወችልኝም።"