ቀይ የተቀባው ስንዴ

ገበያነሽ ኮምቦልቻ ከተማ በአንድ የእህል መጋዘን የጆንያ አፍ እየሰፋች ትተዳደር ነበር። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ከወጣ ጥቂት ዓመታት ቢሆነውም መጋዘኑ ውስጥ ስሙን የሚያነሳ አልነበረም።

በአንድ ግንቦት ማለቂያ የመጋዘኑ ባለቤት አቶ ዳምጤ ከሰኞ ገበያ ያስጫኑትን የከረመ ስንዴ ሲሚንቶው ላይ አስደፍተው፣ መድኃኒት የተለወሰ ዘር እንዲመስል ቀይ ቀለም አስለወሱት። ለገበያነሽ «ምርጥ ዘር» የሚል ጽሑፍ ተቆርጦ የወጣበት ቆርቆሮና ጆንያው ላይ የምትቀባው ጥቁር ቀለም ሰጧት።

«ጋሽ ዳምጤ፣ ይሄ ለወፍጮ የመጣው አይደለም እንዴ?»

«አንቺ መቀባትሽን ቀቢ። ገበሬ የሚያየው ቀለሙን ነው።»

ቀባች። ከዚያ ወዲያ ግን እግሯ አልረጋ አለ። ቁጭ ትላለች፣ ትነሳለች፤ መርፌው ጣቷን ይወጋታል። ውኃ ልጠጣ ብላ ወጥታ ሳትጠጣ ትመለሳለች።

ጫኙ በሺር «አብሽሪ፣ ምን ሆነሻል?» አላት።

«ጆንያው የት ነው የሚሄደው?»

«ቦሩ ሜዳ ነው አሉ። ወላሂ፣ እኔም አላማረኝም።»

ከደሴ ወዲያ ባለው ቦሩ ሜዳ ታላቅ ወንድሟ ቀለሙ ያርሳል። በማግስቱ ሥራ ሳትገባ ወደ ደሴ ተሳፈረች። ሚኒባሱ የሐረጎን ዳገት ሲያዘግም፣ በእግሯ ብትሮጥ የምትቀድመው መሰላት።

ቦሩ ሜዳ ስትደርስ ቀለሙ ትናንት ማታ በመኪና ከመጣው አንድ ጆንያ ገዝቶ፣ ማሳውን አለስልሶ ዝናብ ይጠብቅ ነበር።

«ወንድም ጋሼ፣ እንዳትዘራው! ተራ ስንዴ ነው።»

«ምን ነካሽ? ጆንያው ላይ ተጽፏል እኮ።»

«የጻፍኩት እኔ ነኝ!»

ቀለሙ ይበቅል እንደሆነ ለማየት አንድ ጭብጥ ስንዴ ዘግኖ በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለለ። ውጤቱ እስኪታይ ድረስ ገበያነሽ ቤት አልተቀመጠችም፤ ከደጅ ደጅ እየዞረች «ዘራችሁ ወይ?» ትላለች። ከፊሉ ሰማት፤ ከፊሉ «ሌላ ነጋዴ ልኳት ነው» ብሎ ዘራ። ጨርቁ ሲፈታ አብዛኛው ስንዴ ሳይበቅል ሸትቷል።

እህትና ወንድም ጆንያውን ይዘው ንግድ ቢሮ ገቡ። ባለሙያው ስንዴውን በእርጥብ ጣቱ አሸት ሲያደርገው ጣቱ ቀላ።

«ያልሆነውን ነው ብሎ ጽፎ መሸጥ ወንጀል ነው» አለ። «አንቺም የቀባሽ ስለሆንሽ ትጠየቂያለሽ።»

«ልጠየቅ» አለች። ተቀመጪ ቢላትም አልተቀመጠችም።

ፍርድ ቤት አቶ ዳምጤ «እንጀራዬን በልተሽ!» አሏት።

«በላሁ፣ ጋሽ ዳምጤ። ገበሬዎቹስ ምን ይብሉ?»

እሳቸው ታሰሩ፤ መጋዘኑ ታሸገ። እሷ ታዝዛ ነው ተብላ፣ መስክራ ተለቀቀች። በሺር ግን ከእሷ ጋር ሥራ ፈታ፤ ይህም ደግሞ እረፍት ነሳት።

ቀለሙ ጎረቤት የሰጠውን ባቄላ ዘርቶ ከረመ። ያልሰሟት ገበሬዎች ማሳ ግን ክረምቱን ሙሉ ራሰ በራ ሆኖ ታየ። ለመስቀል ወንድሟን ጠይቃ ስትመለስ ከእነሱ አንዷ፣ ብዙዬ፣ ባዶውን ማሳዋን ለሽምብራ እየቆፈረች አየቻትና ጠራቻት።

«ያኔ ለምን ጎትተሽ አላስቆምሽኝም?»

የደሴው ሚኒባስ ረዳት «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» እያለ ይጣራል። ገበያነሽ አልሄደችም። ዶማውን ከብዙዬ ተቀብላ ማሳው ውስጥ ገባች።